የተከለለው ሣር፦ ከመዲና ሒማ እስከ መንዝ ጓሳ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሁሉ ጣርማ በርን ያውቃታል። መኪናው ከደብረ ብርሃን በኋላ ያለውን ዳገት ጨርሶ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ጉም ይቀበለዋል። ከዋሻው ወጥቶ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ጀውሃ፣ አጣዬ እያለ ወደ ሙቀቱ ይገባል። አብዛኞቻችን የምናውቀው ይህን ቁልቁለት ነው። ዘመድ ያለን ኢፋት ነው፤ ጥንታዊ መስጊዶቻችንና የቀደምት መሻይኾቻችን ቀብር ያለው እዚያ ነው፤ ማሾውና ሽንኩርቱም የሚመጣልን ከዚያው ነው። ጣርማ በር ላይ ግን ወደ ግራ የሚታጠፍ ሌላ መንገድ አለ። በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ይገባል። ያ መንዝ ነው። ከመንዝ በስተሰሜን ግሼ፣ በስተምዕራብ ደግሞ የጀማና የወንጪት ገደሎች የከበቧት መርሐቤቴ አሉ።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ደጋ ዛፍና ሣር ነው። «የመንዝ ሣር እኛን ምን አገባን?» የሚል ወንድም ወይም እህት ካለ ትንሽ ይታገሰን። ነገሩ መጨረሻ ላይ ወደ መዲና ይወስደናል፤ ከመዲናም ወደራሳችን ታሪክ ይመልሰናል።

መጀመሪያ ቁልቁለቱን ወደ ላይ እንውጣው። ከሸዋ ሮቢት ሜዳ ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ብዙ አገር ያቋረጠ ያህል ዕፅዋት ይቀያየርበታል። ታች ግራር ነው። ከፍ ሲል ወይራ ይመጣል፤ እናቶቻችን የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት፣ አባቶቻችን መፋቂያ የሚቆርጡለት ወይራ። ቀጥሎ ጥድና ዝግባ። ከእነሱ በላይ ኮሶ፣ ከኮሶ በላይ ደግሞ ቅጠሉ እንደ መርፌ የደቀቀ አስታ። ከአስታ በላይ ዛፍ ያበቃል። የሚቀረው ጓሳ ሣርና እዚህም እዚያም ብቻውን የቆመ ጅብራ ነው።

ዛፍ ለምን እዚያ ላይ ያበቃል? ብዙ ሰው «ብርዱ ይገድለዋል» ይላል። ነገሩ ከዚያ ረቀቅ ያለ ነው። የዛፍ ቅጠል በብርድም ቢሆን ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን መሥራት ይችላል። ያንን ምግብ ወደ አዲስ ግንድና ወደ አዲስ ሥር መለወጥ ግን ሙቀት ይፈልጋል። በዕድገት ወቅት አማካይ ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች በሆነበት ቦታ ዛፉ ስንቅ ይዞ ሥራ ያጣ ሠራተኛ ይመስላል፤ አለው፣ ግን አይገነባበትም። ቁመቱ ዝቅ ያለው ሣር ግን ቀን ላይ ፀሐይ ያሞቀችውን መሬት ተጠግቶ ስለሚኖር ከረጅሙ ዛፍ የተሻለ ሙቀት ያገኛል። እንደ እኛ አገር ባለ የምድር ወገብ አካባቢ ደጋ ደግሞ ብርዱ እንደ አውሮፓ ለወራት መጥቶ አይሄድም። ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፣ ሌሊት አመዳይ ይወርዳል፤ በየቀኑ። ጅብራ ለዚህ የተሰጠው መላ ያስደንቃል። ማታ ማታ ትልልቅ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ መሐል ያለውን ለጋ እምቡጥ ይሸፍናል፤ ጠዋት ይከፍታል። ለዓመታት እንዲህ ኖሮ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ አበባ ያወጣል። ዘሩን በትኖም ይሞታል። ሱብሓነላህ!

ከዚህ ሁሉ መሐል የደጋው ዋና ዛፍ ጥድ ነው። ስለ ጥድ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ወንድና ሴት መሆኑ ነው። አንዱ ዛፍ ወንዴ ብናኝ ብቻ ያወጣል፤ ሌላው ዛፍ ደግሞ ሲበስል ወደ ጠቆረ ሰማያዊ የሚለወጥ ትንንሽ ፍሬ ይይዛል። ብናኙን የሚያደርሰው ነፋስ ነው፣ ፍሬውን የሚያከፋፍለው ወፍ። ኮሶም እንደዚሁ ወንድና ሴት አለው፤ በቀድሞ ጊዜ ለኮሶ ትል መድኃኒት የነበረው የሴቷ ቀላ ያለ አበባ ነው። ስለዚህ አንድ ግቢ ውስጥ ብቻውን የቀረ ጥድ ምንም ቢያምር ዘር የሌለው ባይተዋር ሊሆን ይችላል።

ይህ ጥድ የእኛ ብቻ አይደለም። ከደቡብ ዐረቢያ ተራሮች ጀምሮ በኢትዮጵያና በኬንያ አድርጎ እስከ ዚምባብዌ ይደርሳል። ሳዑዲ ውስጥ አብሃ አካባቢ የሠሩ ወንድሞችና እህቶች በዐሲር ተራሮች ላይ ያዩት «ዐርዐር» የሚባለው ዛፍ ይኸው የእኛው ጥድ ነው። ወይራውም እዚያ አለ። በቀይ ባሕር ማዶና ማዶ ያሉት ሁለቱ ከፍታዎች አንድ ዓይነት ጉም ይጠጣሉ፣ አንድ ዓይነት ዛፍ ያበቅላሉ። የሙሃጂሮቹ ባሕር ዛፉንም ያዛመደ ነው ብንል አልተሳሳትንም። በዐሲር ግን ባለፉት አሥርተ ዓመታት ጥዱ ከአናቱ እየደረቀ መምጣቱን አጥኚዎች መዝግበዋል። የእኛው ደግሞ ከሥር ነው የሚመናመነው።

«ከሥር» ስንል ምን ማለታችን ነው? ዛፍን የሚያጠፋው መጥረቢያ ብቻ አይደለም። ትልልቅ ዛፎቹ ቆመው እያሉ ልጅ የሌለው ደን አለ። ከሩቅ ለሚያየው ለምለም ነው፤ ገብቶ መሬቱን ለሚያይ ግን አንድም ቡቃያ የለም። ምክንያቱ የዛፍ አፈጣጠር ውስጥ ነው። ዛፍ የሚያድገው ከጫፉ ነው። የአንድ ዓመት ቡቃያ ጫፉን ፍየል ከቀጠፈችው ወደ ላይ የሚወስደው ዓይኑ ተቆርጧል ማለት ነው። ሣር ግን የሚያድገው ከታች፣ ከመሬት አጠገብ ስለሆነ ላዩ ቢበላም መልሶ ይወጣል። የሣር መከራ የሚጀምረው ዕረፍት ሳያገኝ ሲጋጥ ነው። ሥሩ ውስጥ ያጠራቀመው ስንቅ አልቆ እስኪሞት ድረስ ይቀነሳል። እናም ዛፍም ሣርም፣ አፈጣጠራቸው ቢለያይም፣ ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር አለ፦ አፍና ማጭድ የማይነካቸው ጊዜ።

ለዚያም ነው የወይራና የጥድ ቡቃያ ብዙ ጊዜ እሾሃማ ቁጥቋጦ ሥር የሚገኘው። ወፏ ፍሬውን በልታ ቁጥቋጦው ላይ ታርፋለች፣ ዘሩን እዚያው ትጥለዋለች። ቁጥቋጦው ፀሐዩንም ፍየሏንም ይከላከልለታል። እኛ ግን «ጥሻውን እናጽዳ» ብለን ሞግዚቷን ቆርጠን ልጁ ለምን ሞተ እንላለን! ከመሬት በታችም እንዲሁ ነው። የጥድና የወይራ ሥር ከአፈር ፈንገስ ጋር ተሳስሮ ነው የሚኖረው፤ ፈንገሱ ውሃና ማዕድን ያቀብላል፣ ዛፉ ስኳር ይከፍላል። ለዘመናት የታረሰና የተጋጠ መሬት ይህን ወዳጅ አጥቷል። ስለዚህ ችግኝ ከችግኝ ጣቢያ አምጥቶ ራቁት መሬት ላይ መትከል የሥራው ጅማሮ እንጂ ሥራው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ል በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ያኔ ብዙዎቻችንም አካፋ ይዘን ወጥተናል፣ ፎቶም ተነስተናል። ስንቶቻችን ግን በሁለተኛው ዓመት ያችን ችግኝ ልናይ ሄድን?

በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ በስተደቡብ በአንኮበርና በጣርማ በር መካከል ገደሉን ይዞ የሚገኘው የወፍ ዋሻ ደን የድሮው ደጋ ምን ይመስል እንደነበር ያሳያል። ጥዱና ዝግባው አሁንም አለ፤ ከቅርንጫፎቹ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለው ሽበት ከቆላው የሚወጣውን ጉም ይይዛል። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለው የመናገሻ ተራራ ላይ አስተከሉ፤ የዛሬው የመናገሻ ሱባ ደን ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። እኒህ ንጉሥ በ1445 እ.ኤ.አ ከአዳሉ ሱልጣን በድላይ ጋር ተዋግተው የገደሏቸው ናቸው። ታሪክን ስናነብ ወዳጅ ያልነበረ ሰው መልካም ነገር ሠርቶ ብናገኝ መናገር አለብን። ፍትሕ ማለት እሱ ነውና።

መንዝ ራሱ ግን ዛሬ ራቁት ነው። ቤቱ የድንጋይ ነው፣ ማገዶው በአመዛኙ ኩበት ነው። ኩበቱ ሲነድ ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል፤ ማሳው ሲደክም ተጨማሪ ቁልቁለት ይታረሳል። መርሐቤቴም ከዚህ ብዙ አትለይም፤ ከገደላገደሉና ከቤተ ክርስቲያን ግቢዎች ውጪ የድሮ ዛፍ ብዙ አይገኝም። በመንደሩ ዙሪያ የሚታየው አረንጓዴ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ በተጨነቀችበት በአፄ ምኒልክ ጊዜ ነው የገባው። ያመጣውም ሞንዶን ቪዳይየ የተባለ ፈረንሳዊ መሆኑ ይነገራል። ሰው ብዙ ያማዋል፤ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያስበቅልም ይባላል፤ ሐሜቱ እውነትነት አለው። ለምን እንደተወደደ ግን ከላይ ያልነውን ያስታወሰ ይገባዋል። ቅጠሉን ከብት አይበላውም። ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ማንም በማይከልልበት አገር ራሱን በራሱ የሚከልል ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የበዛበት አገር አጥር የሌለው አገር ነው ብንል ያስኬዳል።

አሁን ወደ ጉዳያችን ደረስን። በዚህ ራቁት ደጋ ላይ፣ ከመሐል ሜዳ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ያልታረሰ ቦታ አለ። ስሙ ጓሳ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ሣሩ ረጅም፣ ጠንካራና ክምችት ክምችት ብሎ የሚበቅል ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ጭላዳ በመንጋ ይውልበታል። በዓለም ላይ 500 ገደማ ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮም ከሚኖርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ተመራማሪዎች እዚያ አንድ የሚገርም ነገር አይተዋል፤ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ። የጭላዳ ግልገል አጠገቡ እያለ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም!

ጓሳ በዕድል አልተረፈም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሥርዓት ነበረው። በአካባቢው ትውፊት መሠረት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች አገሩን ሲካፈሉ ይህን ቦታ ለግጦሽና ለሣር ብለው ከእርሻ ለዩት። ተወላጆቻቸውም «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ያስተዳድሩት ጀመር (ስሙ በቅርቡ በፖለቲካ ከምናውቀው ጋር አይምታታብን፤ ይህ ሌላ ነው)። ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸውን አለቃ ይመርጣሉ። አለቆቹ ጓሳውን ይዘጉታል፤ ሲዘጋ ለአንድ ክረምት ብቻ ሳይሆን እስከ ሦስትና አምስት ዓመት ሊዘጋ ይችላል። በዚያ ብርድ ሣሩ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ለመክደኛ እስኪደርስ ያን ያህል ጊዜ ይፈልጋል። የበጋው ድርቅ ሲጠነክር ይከፈታል፤ ሐምሌ ሲገባ፣ በሐዋርያት በዓል አካባቢ፣ እንደገና ይዘጋል። ቤተ ክርስቲያንም ከሥርዓቱ ጋር ነበረች፤ መዝጊያው በሃይማኖት ቃል ይጸና ነበር። ሣሩን ሰርቆ ያጨደ ቅጣቱ ቀላል አልነበረም።

ይህን ስናነብ አንድ ቃል ወደ አእምሯችን ይመጣል፦ ሒማ።

ሒማ ማለት የተከለለ ግጦሽ ማለት ነው። ቃሉም ልማዱም ከእስልምና በፊት ነበሩ። ዑለማዎች እንደሚያስረዱት በጃሂሊያ ዘመን ኃያሉ አለቃ ለም ቦታ ሲያገኝ ውሻውን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አውጥቶ ያስጮኸዋል፤ ጩኸቱ የተሰማበት ድረስ ያለው መሬት ሁሉ የሱ ከብት ብቻ የሚሰማራበት ይሆናል። ከሱ ክልል ውጪ ግን ከሰው ሁሉ ጋር ተጋፍቶ ያግጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሻሩት። ሒማ የአላህና የመልእክተኛው ካልሆነ በቀር የማንም አይሆንም አሉ፤ ማለትም ለሕዝብ ጥቅም ካልሆነ አንድ ሰው ለራሱ መከለል አይችልም። እሳቸውም በመዲና አቅራቢያ አን-ነቂዕ የተባለውን ቦታ ለሙስሊሞች ፈረሶች ከለሉ። የመካና የመዲና ሐረም ዛፍም እንዳይቆረጥ ተደረገ። መካ በተከፈተች ጊዜ የነቢዩ አጎት አባስ (ረ.ዐ) አንድ ጥያቄ ማቅረባቸውን እናስታውስ። «ኢዝኺር» የሚባለው ሣር ለአንጥረኞች ሥራና ለቤቶች ያስፈልጋልና ቢፈቀድ አሉ፤ ተፈቀደላቸውም። ሣሩ የቤት ጣሪያ ሣር ነበር። በመካ የተፈቀደው ኢዝኺርና በመንዝ በየጊዜው የሚከፈተው ጓሳ የሚያገለግሉት አንድ ነገር ነው። ክልከላው የሰውን ጎጆ እንዳያፈርስ በር ተተወለት።

ከሁሉ በላይ ልብ የሚነካው ግን የዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ነው። በኸሊፋነታቸው ጊዜ ረበዛን ጨምሮ ሒማ ከለሉ። ጠባቂ አድርገው ሁነይ የሚባል አገልጋያቸውን ሾሙ። ሲሾሙትም የሰጡት ትእዛዝ በሐዲስ ኪታቦች ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ሐሳቡ እንዲህ ነው። የተበደለን ሰው ዱዓ ፍራ። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ሰው አስገባው። የኢብኑ ዐውፍንና የኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን ተጠንቀቅ፤ የእነሱ ከብት ቢያልቅ ወደ ቴምራቸውና ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ፣ የድሃው ከብት ቢያልቅ ግን ልጆቹን ይዞ እኔ ደጅ ይመጣል። ልብ በሉ! የተጠቀሱት ሁለቱ ሰዎች ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍና ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ናቸው፤ ጀነት ከተበሰሩት ከአሥሩ ውስጥ ያሉ፣ ከሶሓባዎች ታላላቆቹ። ዑመር የነሱን ደረጃ አላጡትም። ሣሩ የተከለለው ግን ሌላ ቦታ ለሌለው ሰው ነው።

በዚህ ሚዛን ቄሮን ስንመዝነው የማያስደስት ነገር እናገኛለን። የጓሳ መብት የዘር መብት ነበር። የአስቦ ወይም የጌራ ተወላጅ፣ ርስት ያለው፣ ይገባል። ርስት የሌለው ጢሰኛ፣ ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ከሌላ ቦታ የመጣው ከበሩ ውጪ ነው። ሙስሊሙስ? በክርስቲያኑ ደጋ ሙስሊም በአብዛኛው ርስት አልነበረውም፤ ወደ ንግዱና ወደ ሸማው የተገፋውም ስለዚሁ ነው። የአያቶቻችን እጅ በሽመና የሠለጠነው መሬት ስለተነፈገው ጭምር ነው። እንግዲህ ሣሩን ለ400 ዓመት ያቆየው በር እኛን የዘጋው በር ነበር። ይህን ሐቅ ሳንናገር «አባቶች እንዴት ተፈጥሮን ጠበቁ» ብሎ ማድነቅ ግማሽ ታሪክ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ሌላኛው ግማሽ ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ል በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣውን የሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ ታውቃላችሁ። ከሰልፉ በኋላ አንድ ዓመት ሳይሞላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ል የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ። ርስት ተሻረ። ሙስሊሙ ገበሬ እንደ ጎረቤቱ መሬት አገኘ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ለወላጆቻችን ትንሽ ነገር አልነበረም። በዚያው አዋጅ ግን ቄሮም አበቃ። ዘር ያላቸውም የሌላቸውም እኩል ሆኑ፤ ነገር ግን «መቼ ይዘጋ? መቼ ይከፈት?» የሚለውን የሚወስን ሰው ጠፋ። ጓሳው ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ከብት ይውል ጀመር፤ ሣር ሳይደርስ ታጨደ፣ አስታው ለማገዶ ተነቀለ፣ ዳር ዳሩም ታረሰ። ድሮ በግፍ ተዘግቶ የነበረው በር አሁን ያለ ጠባቂ ተከፈተ።

ተመሳሳዩ ነገር በዚያ በሐረመይን አገርም ደርሷል። በዐረቢያ ጎሳዎች የሚጠብቋቸው ብዙ ሒማዎች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘልቀው ነበር። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ መጀመሪያ የሳዑዲ መንግሥት ግጦሹ ለሁሉ ክፍት እንዲሆን ሲያውጅ ዓላማው የጎሳን አድልዎ ማስቀረት ነበር። የሆነው ግን መንጋ ያለውና በመኪና ውሃ ማመላለስ የሚችለው ቀድሞ መግጠጡ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) የፈሩትም ይህንኑ ነበር፤ በሩ ወለል ሲል ቀድሞ የሚገባው ድሃው አይደለም። ዘመናዊ አጥኚዎች ስለ ጋራ መሬት ብዙ መጻሕፍት ከመጻፋቸው በፊት አንድ የመዲና ኸሊፋ ለአንድ ጠባቂ በሰጡት ትእዛዝ ነገሩን ጨርሰውታል። መከለል ብቻውን አይበቃም፤ መክፈት ብቻውንም አይበቃም።

መንዞች ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ሊመሰገን ይገባዋል። ሣሩ እያለቀ መሆኑን ሲያዩ የድሮውን ርስት መልሱልን አላሉም። በዙሪያው ካሉት ቀበሌዎች ተወካይ መርጠው ኮሚቴ አቋቋሙ፣ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፣ ጠባቂ መደቡ። መብቱም ከዘር ወደ ነዋሪነት ተለወጠ፤ ድሮ ከበሩ ውጪ የነበረው ሰው ልጅ ዛሬ የጓሳ ተጠቃሚ ነው። ጓሳ በክልሉ መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ሕጋዊ ዕውቅና አግኝቷል። የድሮው መዝጋትና መክፈት ተመለሰ፤ የድሮው አድልዎ አልተመለሰም። ከዑመር ትእዛዝ ጋር ተቀራረበ ብንል ማጋነን አይሆንም፤ የተቀራረበውም አንዱ ከሌላው አንብቦ አይደለም።

አሁን ከላይ «ምን አገባን?» ላለው ወንድማችን እንመልስ። ጓሳ የውሃ ጣሪያ ነው። በስተምዕራብ የሚወርደው ውሃ ወደ ጀማ ገብቶ ዓባይን ይቀላቀላል፤ በስተምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ በኢፋት አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ጓሳ ሣር ክምችቱ ሥር ዝናቡንና ጉሙን ይይዛል፣ አፈሩ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፣ ከዚያ በበጋ ቀስ እያለ ያንጠባጥባል። ሣሩ ከተገጠጠ ያው ዝናብ በክረምት ጎርፍ ሆኖ ይመጣል፣ በበጋ ደግሞ ወንዙ ይደርቃል። አጣዬና ሸዋ ሮቢት አካባቢ ያለ ሙስሊም ገበሬ ሽንኩርቱን ሲያጠጣ ውሃው ከላይ፣ ከደገኛው ጥበቃ በኩል የመጣ ነው። ባለፉት ዓመታት ከዚያ አካባቢ የሰማነው ወሬ በአብዛኛው የመቃጠልና የመፈናቀል ነበር። ያ ሁሉ ሲሆንም ውሃው የማን ማሳ እንደሆነ ሳይጠይቅ ይወርድ ነበር። ሣሩን የመጠቀም መብት የላይኞቹ ነው፤ ሣሩ መኖሩ ግን የታችኞቹም ጉዳይ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይና ታች ያሉ ሽማግሌዎች አንድ ምንጣፍ ላይ ቢቀመጡ የሚነጋገሩበት ነገር አላቸው፤ ከሣር የጀመረ ንግግር ደግሞ ከፖለቲካ ከጀመረ ይልቅ ይቀላል።

በከተማ ያለነውስ? እዚህ ላይ ራሳችንን መውቀስ አለብን። ክርስቲያን ወገኖቻችን በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የድሮውን ዛፍ አቆይተዋል፤ በሰሜኑ አገር ጥድና ወይራ የት ቀረ ቢባል መልሱ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የእኛ የገጠር አባቶችም የመሻይኾችን ቀብርና የመድረሳ ዙሪያ ዛፍ አይነኩም ነበር። ዛሬ በከተማ የምንሠራቸው መስጊዶች ግቢያቸው ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶና ሴራሚክ ነው። ቦታ ጠቧል፣ ጀማዓው በዝቷል፤ እውነት ነው። ግን ወፍና እንስሳ የበላለት ተክል ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት፣ ቂያማ ቢደርስ እንኳ በእጁ ያለውን ችግኝ እንዲተክል የተነገረው ኡማ ለአንዲት ጥድ የሚሆን ቦታ ማጣቱ ይከብዳል። የቀብር ቦታዎቻችን ደግሞ ሰፊ ናቸው፣ አጥርም አላቸው። ዛፍ የሚፈልገው አጥር ደግሞ ከላይ እንዳየነው ግማሽ ነገሩ ነው።

ለዚህ የተነሳሳ የመስጊድ ወጣቶች ጀማዓ ካለ ጥቂት ነገር እንንገራችሁ። ጥድ አንድ ብቻ አትትከሉ፤ ቡቃያው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅምና አራት አምስት አድርጋችሁ በአንድ አካባቢ ትከሉ። ዘሩን ከተከላችሁ ከጥቂት ዛፎች ሳይሆን ከብዙ ዛፍ፣ ሰማያዊው ፍሬ ጠቆር ሲል ልቀሙ። ከሚዘሩት ውስጥ ብዙው አይበቅልም፤ ተስፋ አትቁረጡ፣ አብዝታችሁ ዝሩ። ከትልቅ ጥድ ወይም ወይራ ሥር አንድ ሁለት እፍኝ አፈር አምጥታችሁ ጉድጓዱ ውስጥ ጨምሩ፤ ፈንገሱ አብሮ ይመጣል። በዙሪያው ያለውን ቁጥቋጦ አትመንጥሩት። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በጁሙዓ ቀን ውሃ የሚያጠጣ ተረኛ መድቡ፤ ተረኛው ሲቀር የሚጠይቅ አንድ ሰውም ይኑር።

ወላሁ አዕለም።